ትርጓሜ ላይ ናት

ጥፋቱ የተጀመረው በስልክ ነው። አባባ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ቸኩዬ ነበርና «ትርጓሜ ነው አባባ» ብዬ ዘጋሁት።

ውሸት አልነበረም። አዲስ አበባ የምንሠራው ሶፍትዌር አንድን ፕሮግራም ለሁለት ይከፍላል፤ ገሚሱን ለተራው ኮምፒውተር፣ ገሚሱን ለኳንተም ኮምፒውተር በየቋንቋቸው ይተረጉምና ሁለቱን ያነጋግራል። ግን እኛ ቀዬ፣ ያውም ወጣትነታቸውን ጉባኤ ቤት ለጨረሱ ሰው፣ ትርጓሜ ማለት የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የዘጋሁት።

ለበዓል ስሄድ ሰንበቴ ይዘውኝ ገቡ። ጠላው እንደተቀዳ «ልጄ ትርጓሜ ላይ ናት» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ቄሱ ደስ ብሏቸው «እስቲ የዛሬውን ወንጌል ጥቂት በይበት» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዳቦውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ጋለ።

«ተሳስተው ነው» አልኩ። «የማሽን ነው እንጂ የመጽሐፍ አይደለም። አባባ አይገባቸውም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባባ ጣሳቸውን አስቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያቺ ሳቅ ትዝ ስትለኝ ዛሬም እሸማቀቃለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የገብሱን ማሳ አለፍን። ከዚያ «ምኑ ነው የማይገባኝ?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ተማሪ ነው የጠየቁኝ። ለመገላገል ያህል ነገርኳቸው። ተራው ማሽን ወይ ዜሮን ወይ አንድን ይይዛል፤ ኳንተሙ ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም አብሮ ይይዛል፤ የኛ ጭንቅ ያለጊዜው እንዳይለካ ነው።

«እሱንማ እኛ ‹አንድም› እንለዋለን» አሉ። «አንዱን ፍች ትናገሪና ‹አንድም› ብለሽ ሌላውን ታመጫለሽ፤ ሁለቱም ይቆማሉ። አንዱን ብቻ ይዞ የሚሮጠው ችኩል ተማሪ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

መሥሪያ ቤት ለሚገቡ አዳዲስ ልጆች ይህችን ለማስረዳት ሳምንት ይፈጅብኛል። ይቅርታ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ አለፍኩ።

ዘንድሮ ስሄድ መኪና መናኸሪያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። አንድ ገበያተኛ «ልጅዎ ናት? ምን ትሠራለች?» ሲላቸው ሰማሁ። አባባ ሻንጣዬን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ።

«እንጃ» አሉ። «እኔ አይገባኝም።»