ልጄ ይግባኝ አልልም ብሎ ፈረመ

ልጄ ሰው መትቷል፤ አልደብቅም። እዚህ በሰው አገር፣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ አብሮት የሚሠራውን ያገሩን ልጅ፣ በሥራ ፈረቃ ተጣልተው በጥፊ አጮለው። ሰውየው ተንገዳግዶ ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጨና ግንባሩ ተፈነከተ። ክሱ ላይ ግን «በብረት መታው» ተብሎ ተጻፈ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። በጥፊ የመታ በጥፊው ይቀጣ። ባላነሳው ብረት ለምን ይቀጣል?

እኛም የምናውቀውን አደረግን። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለምኜ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ልጄ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ባክህ፣ ወለሉ ዘይት ነው፣ ሱሪህን ታበላሻለህ» አለው የተመታው። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ተናገረ። «በብረት አልመታኝም። ደሜን ሳይ ተናድጄ ነው ለፖሊስ እንዲያ ያልኩት። ቀርቤ አስተካክላለሁ።»

ተሳሳሙ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ቢሮ ተቀምጠን፣ እዚህ ያደገችው የልጅ ልጄ ታስተረጉማለች።

«እማማ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሽማግሌ ልካችሁ ምስክሩን አስፈራራችሁት እያለ ነው። ሶ አዲሱን ቃሉን አያምኑትም።»

«ማን አስፈራራው? አንደኛው ሽማግሌ እኮ ያለ ከዘራ መቆም አይችልም!»

«እሱን እነሱ አያውቁም። ደግሞ ኬዙ የሰውየው አይደለም፣ የመንግሥት ነው።»

«የተፈነከተው ግንባርም የመንግሥት ነው?»

ጠበቃው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አልተረጎመችለትም።

የቀረበልን ምርጫ ይኸ ነበር። ልጄ በብረት መታሁ ብሎ ጥፋቱን ካመነ እስር የለም፣ በፕሮቤሽን፣ ማለት በገደብ፣ ይለቀቃል። ተከራክሮ ከተረታ ግን ለዓመታት ይገባል። ካመነ ደግሞ ይግባኝ የማለት መብቱን ትቻለሁ ብሎ መፈረም አለበት።

እኔ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አልተሻገርኩም። ግን ያደግሁት ከወረዳ ፍርድ ቤት አጠገብ ነው። የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱን እያወቀም ቢሆን፣ ይግባኝ ሲል ማንም ዝም በል አይለውም ነበር።

«ዳኛው ቢሳሳት ወዴት ይጮኻል?» አልኩ።

«ፍርዱ ቀድሞ የተስማሙበት ስለሆነ ብዙ የሚሳሳትበት ነገር የለም ይላል ጠበቃው።»

«የማይሳሳት ከሆነ ታዲያ ይግባኙን ለምን ይወስዱበታል?»

«ጉዳዩ እንዲያልቅ ነው ይላል።»

«ለእነሱ ይለቅላቸው። ለእሱስ?»

«እማዬ በቃ!» ብሎ ልጄ ጮኸብኝ። «ብታሰር የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ልጆቼን ማን ያሳድጋል? አንቺ?» እስክሪብቶውን አንሥቶ በየመስመሩ የስሙን መጀመሪያ ፊደል አኖረ።  እኔስ የማሳድግበት ጉልበት የት አለኝ?

ችሎት ላይ ዳኛዋ በአስተርጓሚ ጠየቀችው። «ይግባኝ የመጠየቅ መብትዎን የተዉት በፈቃድዎ ነው?»

«አዎ።»

«ያስገደደዎት ሰው የለም?»

ዞሮ አየኝ። «የለም» አለ። ከዚያ ዳኛዋ በፕሮቤሽኑ ዘመን የተመታው ሰው ዘንድ እንዳይደርስ አዘዘችው።

ስንወጣ ያ የታረቀን ሰው ክራቫት አስሮ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ሊመሰክርለት መጥቶ የጠየቀው አልነበረም። ልጄ አንገቱን ደፍቶ በሌላ በኩል ሄደ። እኔ ተሻገርኩ።

«እትዬ፣ ምን አሉት? ለምን ሸሸኝ?»

«አንተ ዘንድ እንዳይደርስ ታዟል።»

«እኔ ዘንድ? ታርቀናል እኮ! ቅዳሜ አብረን በልተናል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይግባኝ በሉ እንጂ እትዬ! ምን ዝም ትላላችሁ?» ብሎ መንገድ ላይ ጮኸብኝ።