በቅጥሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ

ብሩክታይት ከብቸና ወጣ ባለ መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ ውኃ ስትሸከም ወገቧ አለቀ። የእጅ ፓምፕ ሊተከል ነው ሲባል እልል ያለችው እሷ ነበረች።

ቦታውን የሚያጠኑት ከሞጣ መጡ። መሪያቸው ኢልሀም የምትባል የነጋዴ ልጅ ናት። ልጅቷን አላማትም፤ «ውኃ የሚቀዱት ሴቶቹ ናቸው፣ ለብቻቸው አነጋግራቸዋለሁ» ብላ ወንዶቹን አሰናብታለች። ስብሰባውን የባረኩት የሴቶቹ ሁሉ የነፍስ አባት፣ አባ ወልደ ኪዳን፣ ግን ጸሎቱ ሲያበቃም አልተነሡም። ሙስሊም ሆና ቄስ እንዴት ውጡ ትበል? ይሉኝታ ያዛት።

ወንዶቹ የመረጡት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ነው፤ የማንም እርሻ አይነካም፣ ጥበቃም አለው። ሴቶች ደግሞ በወር አበባቸው ሰሞን ያንን ቅጥር አይረግጡም። ይህ በነፍስ አባት ፊት ይነሣል? ሁሉም አቀረቀሩ።

«እርስዎስ እትዬ? ቦታው ይስማማችኋል?» አለቻት ኢልሀም።

«ይስማማናል፤ እግዜር ይስጥልን» አለች ብሩክታይት።

ፓምፑ ተተከለ። ድሮ ሁሉም ወንዝ ይወርድ ነበር፤ አሁን የምትወርደው ለምን እንደምትወርድ አገር ያውቃል። ብሩክታይት አንገቷን ደፍታ ቻለችው።

ዘንድሮ ግን የመጨረሻ ልጇ ፈንታነሽ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ጄሪካን ይዛ ወደ ወንዙ ስትወርድ የክፍሏ ጎረምሶች አይተው ተሳሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እናቷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻ አብራት አለቀሰች።

«እማ፣ ሲተክሉት እናንተን አልጠየቋችሁም?»

«ጠይቀውናል» አለች ብሩክታይት።

በበነጋው አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄደች። እያፈረች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው በጣም ደነገጡ።

«ምነው ልጄ! እኔ እኮ ተነሥቼ ብሄድ ናቁን ትላላችሁ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። እስክታሰናብቱኝ ነበር የምጠብቅ።»

ጉድጓዱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አስጠይቀው፣ ለሌላ ጉድጓድ በጀት የለም ተብሏል አሏት። ፈንታነሽ ትምህርቷን አቋርጣ ቀረች።