በሰኔ የተዘራ ቲማቲም

ትናንት ገበያ ላይ የቲማቲም ቅጠል በጣቶቼ መሃል ታሸ፤ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እናቴ አሰብ ግቢያችን ውስጥ ጎንበስ ብላ የረገፈ አበባ ስትለቅም ታየኝ።

አባቴ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከደሴ ወርዶ አሰብ ሱቅ ከፈተና እኛንም አስመጣን። የእናቴ ልብ ግን ደሴ ቀርቶ ነበር። «ወላሂ፣ ይሄ ምድር አንዲት ፍሬ ካላበቀለልኝ ልጆቼን ይዤ እመለሳለሁ» አለችው። አባቴም ደንግጦ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ከነአፈሩ አመጣላት። እሷ እንዳገሯ ደንብ ሰኔ ሲገባ ዘራች። ሰኔ ደሴ ላይ የዝናብ ደጃፍ ነው፤ አሰብ ላይ ግን የቆርቆሮው በር ከመጋሉ የተነሳ በባዶ እጅ አይነካም። ውሃ ብርቅ ስለነበር ውዱእ የምናደርገው እጣቢው ተክሉን እንዲያጠጣ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለን ነው፤ እኔና እህቴ ለሶላት ያን ያህል ተግተን አናውቅም፣ ጎረቤትም ጨዋነታችንን አይቶ ይመርቀናል። ተክሉ ለመለመ፣ ቢጫ አበባ አወጣ፣ ወበቁ ግን ፍሬ ሳይዝ አረገፈው። በሚቀጥለው ሰኔም እንደዚያው ሆነ። እናቴ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች፤ አባቴ ምግብ አልወርድ አለው።

ከባሕር ዳርቻዋ መንደር ከበይሉል ወደ አሰብ የተዳረች ፋጡማ የምትባል አፋር ጎረቤት ነበረችን። «እህቴ፣ እዚህ የናንተ ክረምት እሳት ነው። ሙቀቱ ይብረድ፣ ያኔ ዝሪ» አለቻት።

«በጥቅምት? ሰው ሊያጭድ ሲል?» ብላ እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ግን ዘራች። ከባሕሩ የሚመጣው አየር ለስለስ ሲል አበባው ቅርንጫፉን አልለቅም አለ፤ ጥር ላይ አንዲት ቀይ ቲማቲም ተቆርጣ ለቤተሰቡ ተከፋፈለች። አባቴ ድርሻውን ጨው ነስንሶ ጎረሰና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሻንጣው በማግስቱ ወደ ቦታው ወጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በኔ ትዝታ ውስጥ ሁሉም ጥር ናቸው፦ የጨው ሽታ ያለው ንፋስ፣ ከወደብ የሚመጣ የመርከብ ጡሩምባ፣ ከፋጡማ ቤት በቲማቲም ምትክ የሚላክልን ዓሣ።

ኋላ ሁለቱ አገሮች ተጣሉና ከብዙ ሰው ጋር ወደ ደሴ ተመለስን። ክረምቱ ገብቶ ነበር። እናቴ ጋቢ ተከናንባ፣ ዘሯን በመሐረብ ቋጥራ ዝናቡን በመስኮት ታያለች። አክስቴ «ምነው አትዘሪም?» ስትላት «ቆይ፣ ሙቀቱ ይብረድ» አለቻት። አክስቴ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። እናቴ ግን ጥቅምት ላይ እውነቷን ዘራች፤ ኅዳር ላይ ውርጭ መታው።

ከአሰብ ስንወጣ ያጣነው ሱቅና ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውርጩ በመታው ጠዋት ግን እናቴ፣ ተወልዳ ባደገችበት ግቢ፣ የጠቆረውን ቡቃያ እያየች «አሁን የት አገር ልዝራ?» ብላ አለቀሰች። መሐረቡን አራግፋ አጠበችው፤ ከዚያ ወዲህ ዘር አልቋጠረችበትም።