በሺሺንዳ መንገድ ከብስክሌት የወረድኩ ዕለት

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ ተከታትለው የሚሠሩበት ውድድር ነው። ይህን ቦንጋ ውስጥ ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔና ምላሴ እናውቃለን። «አንዱ አይበቃም?» ይሉኛል የመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጡ። አንዷ ባልደረባዬማ «ምነው፣ ባጃጅ ጠፋ እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልህ ይይዘኛል። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ዋና የለመድኩት ግን በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ ጎጀብ ወንዝ ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊቴን ውኃ ውስጥ ደፍቼ ስዋኝ፣ ከብት የሚያጠጡ ሰውዬ ሰመጠች ብለው በፀጉሬ ጎትተው አወጡኝ። ማመስገን ሲገባኝ ተቆጣኋቸው። ዛሬም ያሳፍረኛል።

በአራተኛው ዓመት ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሐይቅ ዳር ወደሚደረግ ትልቅ ውድድር ከዞናችን አንዲት ሴት ልትላክ ነው ተባለ። ማጣሪያው ግልጽ ነበር፦ ጠዋት ጎጀብ ላይ ዋኝተሽ፣ በብስክሌት ዳገቱን ወጥተሽ፣ ቦንጋን አልፈሽ ሺሺንዳ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ በማንኪራ መንገድ ሮጠሽ ወደ ከተማው ኳስ ሜዳ ትመጫለሽ። እስከ አስር ሰዓት ከገባሽ ትሄጃለሽ፤ ካለፈ ቀረ። ከሴት የተመዘገብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ተፎካካሪዬ ሰዓቱ ነበር። አራት ዓመት የለፋሁት ለዚያች ቀን ነው።

ዋናው ሸጋ ሆነልኝ። የጎጀብንም ዳገት እየተሳደብኩ ወጣሁት። ረጅም ርቀት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ሳይርብሽ መብላት ነው፤ ከራበሽ በኋላማ ምን ዋጋ አለው! ስለዚህ ቆጮ በማር ቋጥሬ በየመሃሉ እቆርስ ነበር። ሺሺንዳ ደርሼ ስዞር ሰዓቴን ባየው ካሰብኩት ሃያ ደቂቃ ቀድሜያለሁ። «አንቺ ሴት፣ ዛሬስ ቀንሽ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ብዙም ሳልርቅ መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ለቀስተኛ ነው፤ አስከሬን ተሸክመው ወደ እኔ አቅጣጫ ይመጣሉ። ከፊቴ የነበረው ተወዳዳሪ በመንገዱ ጠርዝ ሹልክ ብሎ አለፈ። አልፈርድበትም፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን አስከሬን ሲያልፍ ከበቅሎም ከሞተርም ይወረዳል፤ ተወርዶም ጥቂት ይሸኛል። ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። እኔ ምን ቆርጦኝ አልፋለሁ? ወረድኩ።

ጉዱ ልብሴ ነው። የውድድር ልብስ ከገላ ጋር የተጣበቀ፣ ጭን የሚያሳይ፣ እሱን ለብሼ ለቅሶ መሃል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ከላያቸው አውርደው ወገቤ ላይ አሸረጡልኝ። ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ወደመጣሁበት ተመልሼ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ሸኘሁ። አለቀስኩም። ለማላውቀው ሰው አለቀስኩ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ለሰዓቴም አለቀስኩ። ነጠላውን መልሼ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ብስክሌቴ ላይ ስወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄዷል።

ሰውነት አንዴ ከቀዘቀዘ እሺ አይልም። በማንኪራ መንገድ ስሮጥ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅ አለኝ። ጭቃውን ሰደብኩ፣ ራሴን ሰደብኩ፣ ግን አንድም ቦታ አልቆምኩም። ኳስ ሜዳው ስገባ አስር ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኗል።

ዳኛው አብረውኝ የሚያስተምሩ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ወሬው በባጃጅ ቀድሞኝ ደርሷል። «ቀብር ሸኝተሽ ነው አሉ። ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»

«ሃያ አምስት።»

«በቃ፣ እሱን እንቀንስልሻለን። ማን ይቃወማል? አልፈሻል!» ብለው እስክሪብቷቸውን አወጡ።

እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ሐይቁ ታየኝ፤ በመምህራን ክፍል ሰዎች ፊት ደረቴን ነፍቼ ስገባም ታየኝ። እግዜር ያውቃል፣ እንዴት እንደጓጓሁ። ግን ደግሞ ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ አይቀነስ» አልኩ። «ሰውዬውን ሸኝቼ ስመለስ ሰዓቱ ከተመለሰልኝ፣ ታዲያ ምን አደረግሁለት? እኔ ሰጥቼዋለሁ። ከሞተ ሰው ላይ መልሼ አልወስድም።»

ጋሼም ዓይኔ እያየ «ዘግይታ ገብታለች» ብለው ጻፉ። ሳሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሐይቁ ድረስ ሄጄ፣ ጨርሼ፣ ሜዳሊያ ይዤ ተመልሻለሁ። ሜዳሊያዎቹን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አሳያለሁ። ተማሪዎቼ ግን «ቲቸር፣ በጣም የምትኮሪበት ሰዓት ስንት ነው?» ሲሉኝ፣ አስር ሰዓት ከአራት ነው እላቸዋለሁ።