ፀሐይ ሳትፈጠር የነጋው ሰኞ

የእህቴ የድምፅ መልእክት ሲደርሰኝ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ሳሙና በሳሙና ሆኗል። ከኋላዋ አውሮፕላን ይሰማል። እስኪያልፍ ጠበቀችና፣ «እቴቴ፣ ጉድ ስሚ! ያቺ ጠያቂዋ ጓደኛሽ ዛሬ ልጇን ይዛ ሰንበት ትምህርት ቤት መጣች!» አለችኝ። የቀረውን ሳልሰማ ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

በልጅነታችን የተማርንበት፣ ገርጂ ያለው የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ሲመጣ መምህራችን ጣታቸውን ከመጽሐፉ ላይ ሳያነሱ ይጠብቁ ነበር። እኛም በዝናብ የራሰ አግዳሚ ላይ፣ የእርጥብ ነጠላ ሽታ እየሸተተን እንጠብቃለን።

አንድ ዓመት እግዚአብሔር በስድስት ቀን የፈጠራቸውን ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት በቃላችን እንይዝ ነበር፤ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ እያልን። እኔ አንድም ሳልስት እወጣዋለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግን ኦሪት ዘፍጥረትን በእርሳስ እያሰመረች ታነባለች። «ምዕራፍ አንድ ላይ እንስሳት ይቀድማሉ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ አዳም ይቀድማል። የቱን ልያዝ?» ትለኛለች።

«ዝም ብለሽ ያዢ!»

«አንቺ እኮ ካሴት ነሽ» ብላ ትስቅብኛለች።

ጥያቄ ያለው ሰው ስሙን ሳይጠቅስ ወረቀት ላይ ጽፎ ካርቶን ሳጥን ውስጥ ይከት ነበር። ጸሐፊዋ እኔ ስለነበርኩ ወረቀቶቹን ቀድሜ አያለሁ። አንድ እሑድ የእሷን ጽሕፈት አወቅሁት። «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ፣ ሰኞና ማክሰኞ በምን ነጋ? በምንስ መሸ?» ይላል። ደነገጥኩ። መናፍቅ ይሏታል ብዬ ፈራሁላት። አጥፌ መዝሙር ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኩትና፣ በጾም ማስቲካ ይፈቀድ እንደሆነ የሚጠይቀውን ለመምህራችን ሰጠሁ።

ሦስት እሑድ ጠበቀች። በሦስተኛው እሑድ መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት በር ላይ ስደርስ፣ «አየሽ፣ መልስ ስለሌላቸው ዘለሉት» አለችኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

አሁን የምኖርበት የኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። ሆኖም እኩለ ቀን ላይ ከተራራው ጀርባ ሰማያዊ ብርሃን ይመጣል፤ ሰው ሥራ ይገባል፤ ሰኞም ሰኞ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መስኮቱ አጠገብ ቆሜ አማተብኩና እሷን አሰብኩ። ጥያቄዋ ክህደት አልነበረም። እሷ አንብባ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

እጄን አድርቄ መልእክቱን ጨረስኩት። ልጅቷ እጇን አውጥታ የእናቷን ጥያቄ ጠየቀች። ያረጁት መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ይህን እስከ ዛሬ እንዴት ማንም አልጠየቀኝም! ብርሃን እሑድ ተፈጥሯል። ፀሐይ ኋላ የመጣችው የብርሃን ባለቤት እሷ እንዳልሆነች እንድናውቅ ነው ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ሁሉ ገብቶኛል አልልሽም፤ ነይ አብረን እናንብበው» አሏት። እናትየውም ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ወደ እነሱ ጠጋ አለች።

ዛሬ ለጓደኛዬ ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ነገም እደውላለሁ። እናንተ ግን ያኔ በዚያ አዳራሽ አብራችሁን የነበራችሁ፣ መምህራችን ጥያቄዋን ዘለሉት ብላችሁ ያማችኋቸው ካላችሁ፣ ወረቀቱን የደበቅሁባቸው እኔ ነኝ። እሑድ ስትመጣ ከፊት ጠጋ ብላችሁ አስቀምጧት። ልጇም ስትጠይቅ፣ አደራችሁን፣ ዝም አታሰኟት።