የግቢያችን ዲሽና የጋሼ ልጅ ሩጫ

ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት ነበርን፤ ዲሹ ግን አንድ ነው። ቆርቆሮው ላይ ከተተከለው የጋራ ዲሽ የሚመጣው ሽቦ በአንዲት ማከፋፈያ ለአራታችንም ይዳረሳል። ጎረቤቶቼ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ እኔ ቴሌቪዥን የለኝም፣ ግን ከሁሉም በላይ እኮራለሁ። ሜክሲኮ ካለ ሱቅ የገዛኋትን የቲቪ ካርድ ኮምፒውተሬ ውስጥ በገዛ እጄ ሰክቼ፣ የዲሹን ሽቦ ከጀርባው አስገብቼ፣ የሳተላይት ጣቢያ በኮምፒውተር አያለሁ። ማየት ብቻ መሰላችሁ? እቀርጻለሁም! አንዲት ቁልፍ ስጫን የሚተላለፈው ሁሉ እንዳለ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የቀረጽኩት የሳሙና ማስታወቂያ ነበር፤ እሱኑ እየመላለስኩ ሳይ ከደስታዬ ብዛት ምሳዬን ረሳሁ።

የጋራ ዲሽ ጣጣው ጣቢያዎቹ በሁለት ጎራ መከፈላቸው ነው። ዲሽ ሠሪዎቹ ቁም እና አግድም ይሏቸዋል። አንዱ ቤት የአግድም ጣቢያ ከከፈተ፣ የቁም ጣቢያ የሚያየው ጎረቤት ምስሉ ድርግም ይልበታል። ስለዚህ በእኛ ግቢ ጠዋት ስንገናኝ፣ "እንዴት አደራችሁ? ዛሬ ቁም ነው አግድም?" መባባል ለምዶብን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ያለ ክርክር የአግድም ነው፤ ባለ ሱቋ ጎረቤታችን እትዬ የአረብ ድራማቸውን ያያሉ። ቋንቋውን ብዙም አይሰሙትም፤ ለቅሶው ላይ ግን አብረው ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን ታክሲ የሚነዱት ጎረቤታችን ጋሼ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ሯጭ ናት። ካምፕ ከገባች ወዲህ ቤት የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እሳቸውም ከመሪ ስለማይላቀቁ ስትሮጥ አንድም ጊዜ አላዩም። አሁን ለወጣቶች የአገር አቋራጭ ውድድር አውሮፓ ሄዳለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የስፖርት ጣቢያ በቀጥታ ይተላለፋል።

"በቀጥታ ካየሁ ልቤ ቀጥ ይላል" አሉኝ። "እኔ ሥራዬ ላይ እሆናለሁ። አንቺ ቅረጪልኝ፣ ማታ እመጣለሁ። ውጤቱን ደግሞ ማንም እንዳይነግረኝ፤ አደራ!"

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አደራ የጣለብኝ ሰው የለም። ወዲያው የስፖርቱን ጣቢያ ፈለግኩት፤ ቁም! በሩጫ እትዬ ሱቅ ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው ድራማቸውን ለመተው ዓይናቸውን አላሹም።

"ለልጃችን ነዋ! ድራማው በቃ የትም አይሄድ" አሉ።

ቅዳሜ ግቢው በሙሉ እኔ ክፍል ገባ። አልጋዬ ላይ ተቀምጠው፣ ጠረጴዛዬን ተደግፈው፣ በር ላይ ተደራርበው ቆሙ። መቅረጫዋን ተጫንኩ። ካሜራው መነሻው ላይ የተደረደሩትን ልጆች ፊት እያሳየ ሲያልፍ የእኛዋ ብቅ ስትል እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ጥይቱ ተተኮሰ። መጀመሪያ ላይ ከኋላው ጭፍራ ጋር ነበረች፤ "አይዞሽ!" እያልን ስንጮህ የምትሰማን ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ምስሉ ተቆራረጠ፣ ተበጣጠሰና ጨለመ።

"ማነው አግድም የከፈተው?" ብዬ ጮህኩ። ሁላችንም እዚሁ ነን እኮ! ዞር ስል በሩ ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ የሉም። የሰው ጭንቅላት ጋርዷቸው ኖሮ፣ ከቤቴ ልይ ብለው ሹልክ ብለዋል። በአንድ እግር ጫማ ግቢውን አቋርጬ ስደርስ ሪሞቱን ይዘው ላብ አጥምቋቸዋል፤ ሪሲቨራቸው የተከፈተው ትናንት ባቆሙበት የአግድም ጣቢያ ላይ ነው።

"ሯጮቹ የት ናቸው? ማለቴ፣ ሁሉም አረብ ሆነብኝ!"

"ያጥፉት እትዬ፣ ያጥፉት!" አልኩና ሶኬቱን ራሴ ነቀልኩት። እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ ስመለስ ምስሉ መጥቷል። እኛዋ አራተኛ ናት! ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል መቼ ወጣች? ሦስተኛዋን እየተከተለች፣ እየተከተለች ሳትደርስባት መስመሩን አለፉ። እየዘለልን ወደ ግቢው ወጣን፣ ተቃቀፍን። ትንሽ ቆይቶ ከመሀላችን አንዱ፣ "ሜዳሊያ ግን የለም አይደል?" ሲል ጭፈራችን ቀዘቀዘ። እኔማ ይበልጥ ያንገበገበኝ ቅጂው መሀሉ ላይ መጥፋቱ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጋሼ ታክሲያቸውን አቁመው በቀጥታ እኔ ጋ ገቡ፤ ጎረቤቱም ተከትሎ ገባ። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ምስሉ ሲጨልም ደንግጠው ሲያዩኝ እትዬ ቀደሙኝ። "እዚህ ጋ እኮ ነው አንድ በአንድ ያለፈቻቸው! እንዲህ አድርጋ!" እያሉ በክርናቸው አሳዩአቸው። ያን ሰዓት ቤታቸው ከሪሞት ጋር ሲታገሉ እንደነበር ማናችንም አልተናገርንም።

መጨረሻው ደረሰ። አራተኛ ሆና ስትገባ ፊታቸውን እናያለን። እሳቸው የሚያዩት ልጃቸውን ነው። ልጅቷ ከመስመሩ አልፋ፣ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች።

"አጠገቧ ሰው የለም እንዴ?" አሉ። "ውሃ እንኳን የሚያቀብላት?"

ይሄን እኛም አላየነውም፤ ያኔ ወደ ግቢው ወጥተን እየጨፈርን ነበር። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ግን ወደ ውጭ ስሮጥ መቅረጫዋን ሳላጠፋት ቀርቻለሁና ምስሉ ቀጠለ። ፊት ለፊት አሸናፊዋ ለጋዜጠኛ መልስ ትሰጣለች፤ የእኛዋ ከኋላዋ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ሆና ትታያለች። እንዳጎነበሰች ናት። ከዚያ የሌላ አገር መለያ የለበሰች አንዲት ሯጭ እያነከሰች መጣች፣ ቀና አደረገቻት፣ የውሃ ጠርሙስ ከፍታ ሰጠቻት፣ እስክትጠጣም ትከሻዋን ይዛ ቆመች።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ለዚያች የሰው አገር ልጅ እጅ ነሱ።

"እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ" አሏት።