ጋሼ ሰይድ ወደ ላቦራቶሪው የገቡበት ቀን

አንድ አሮጌ የመንግሥት ላቦራቶሪ ለመለካት መጓዝ ለአንባቢ የሚወራ ነገር ነው? እርግጠኛ አይደለሁም። የአርክቴክቸር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የተሰጠኝ የቤት ሥራ ሊፈርስ የተወሰነበትን የሸዋ ሮቢት የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪ ለክቼ እንድስል ነበር።

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። ሚኒባሳችን ከአዲስ አበባ ወጣ። ብርድ፣ ጉም፣ እንቅልፍ።

ደብረ ሲና፣ 4 ሰዓት። የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁ። ሾፌሩ ወፍራም ጃኬቴን አይቶ ሳቀ።

«አውልቀው ተማሪው! ከዚህ በታች ብርድ አያውቅህም።»

እውነቱን ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ማንጎ፣ ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች፣ ባጃጆች፣ ላብ።

ሸዋ ሮቢት፣ 6 ሰዓት። ከግቢው በር አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ ላቦራቶሪውን በወጣትነታቸው ከገነቡት ግንበኞች አንዱ ናቸው።

«ሠርተን አስረከብን፤ ከዚያ ወዲህ አልገባሁም» አሉኝ። «ሳይፈርስ አንዴ ባየው ምን ነበረበት?»

«ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርዎ?» አለ ዘበኛው። «የተፈቀደው ለተማሪውና ለረዳቱ ብቻ ነው።»

ረዳት አልነበረኝም። «ሜትር የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው» አልኩ።

«ረዳትህ አያትህን አያክሉም?»

«አፍህን ዝጋና በሩን ክፈት» አሉ ጋሼ ሰይድ፣ ሜትሩን ከእጄ ወስደው።

የድሮ የቆላ ላቦራቶሪ የተሠራው ያለ ማቀዝቀዣ እንዲሠራ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከጣሪያው ሥር የአየር መተላለፊያ ክፍተት። አጠገቡ ያለው አዲሱ ሕንፃ መስታወት በመስታወት ነው። እዚያ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ እንደነገረችኝ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ናሙናውን ታቅፎ ወደ አሮጌው በረንዳ ይሸሻል።

ጋሼ ሰይድ ፀሐይ በሚበረታበት የምዕራቡ ክፍል መሃል ቆመው ቀና አሉ።

«መሐንዲሱ ከላይ ክፍተት ተዉ ሲለን፣ ለርግብ ማደሪያ ነው ብለን ሳቅንበት።»

የሸሚዛቸው ኮሌታ ተንቀሳቀሰ።

«አልሐምዱሊላህ። ይነፍሳል!»

ለክተን ስንጨርስ ጋሼ ሰይድ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። «እኛ ዘንድ አዲስ ቤት ዱዓ ሳይደረግበት አይገባም። ለዚህ ግን ሪባን ቆርጠው ሄዱ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የሠሩትንም የሠሩበትንም ማራቸው። ድንጋዩን ለደግ ሰው ቤት አድርገው።»

«አሚን» አለ በሩን ሊዘጋ የመጣው ዘበኛ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

በሕንፃ ስዕል ላይ የክፍሉን መጠን ለማሳየት የሰው ምስል መጨመር ደንብ ነው። እኔ በምዕራቡ ክፍል ውስጥ ቀና ያሉ ሽማግሌ ሳልኩ።

ላቦራቶሪው ግንቦት 12 ቀን ፈረሰ።